የአናጢው አሥራ ሁለት ቁራዎች

ቁራ አንድ ሐብሐብ በልቶ ቢጠግብ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ቁራ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱን ይወጋል፣ ይቀምሳል፣ «ያኛው ሳይሻል አይቀርም» ብሎ ወደሚቀጥለው ይዘላል። የተወጋው በሁለት ቀን ውስጥ ይሸታል፣ ጉንዳን ይወርረዋል፣ ያበቃለታል። እንግዲህ አንድ ቁራ ለቁርሱ ብቻ አምስት ሐብሐብ ያበላሻል ማለት ነው፤ ሠላሳ ሆነው ሲመጡ ደግሞ ማሰቡም ራስ ያዞራል።

የሐብሐቡ ባለቤት አዋላጅ ናት። ጡረታ ከወጣች ስምንት ዓመቷ ቢሆንም ሰው ሁሉ ዛሬም «አዋላጇ» ነው የሚላት። የከተማው ግማሽ ወደዚህ ዓለም የመጣው በእሷ እጅ ስለሆነ ደፍሮ የሚመልስላት የለም። ባሏ ሲሞት ከቤቷ ጀርባ ያለውን መሬት፣ አንድ የአደን ጠመንጃና አንድ ልጅ ትቶላታል። ልጁ ሩቅ ትልቅ ከተማ ገብቶ ሥራ ይዟል፣ ጠመንጃው ፈቃዱ በየዓመቱ እየታደሰ ቁም ሣጥን ውስጥ ይተኛል፣ መሬቱ ላይ ሐብሐብ ይበቅላል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ አናጢው ይኖራል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን «አንተ ልጅ» ነው የምትለው።

ሁለቱ በቀን አንዴ ካልተጣሉ ምግብ አይስማማቸውም። በበር አዘጋግ ይጣላሉ፣ በሬዲዮ ድምፅ ይጣላሉ፣ እናታቸው የሞተችው ሐሙስ ነው ዓርብ ነው በሚል ብቻ ሠላሳ ዓመት ተከራክረዋል። አናጢው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምሳውን የሚበላው እህቱ ቤት ነው። ሰው ሲጠይቀው «ለእሷ ብዬ እኮ ነው፣ ብቻዋን እንዳትበላ» ይላል። እሷንም ብትጠይቋት ይህንኑ ትመልሳለች።

አንድ ሰኞ፣ የበጋው ፀሐይ ገና በማለዳው ማቃጠል ሲጀምር፣ አዋላጇ ሁለት የተወጉ ሐብሐቦች ታቅፋ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገቻቸው።

«እነዚህ የትናንት ብቻ ናቸው» አለች። «በቃኝ! አምና ግማሹን በሉብኝ፣ ዘንድሮ ሙሉውን ሊበሉ ነው። ልጄ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ነይ ካለኝ ስንት ጊዜው! እሑድ መኪና ይዞ ይመጣል። ሐብሐቡ ከተረፈ ሐብሐብ ጭኖ ይመለሳል፤ ካልተረፈ እኔን።»

«ሂጂያ! ማን ያዘሽ?» አለ አናጢው።

ይህን ብሎ ወደ ሥራ ቤቱ ገባ፣ መላጊያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ሂጂ» ያለው አፉ ነው። ሆዱማ ገና ከአሁኑ ባብቶ፣ ከአጥሩ ወዲያ መስኮቱ የተዘጋ ቤት እየታየው ነበር። ከእሷ በቀር የሚያኮርፈው ሰው የለውም፤ የሚያኮርፈው ሰው የሌለው ሰው ደግሞ ቢስቅስ ከማን ጋር ይስቃል? ይህን ግን ምላሱ ቢቆረጥ አይነግራትም።

ዘዴውን ያመጣው ፖስተኛው ነው። እሱም ጡረተኛ ነው፣ የአናጢው የልጅነት ጓደኛ፤ ሠላሳ ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድል በየደጁ የሰማውን ሁሉ እውቀት ነው ብሎ ያጠራቀመ ሰው። በምሳ ሰዓት አዋላጇ ቤት ብቅ አለ፤ ወንበር ሳበና እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ቁራ ማባረር ሞኝነት ነው» አለ። «ታባርረዋለህ፣ ዞሮ ይመጣል። ቁራን መጥራት ነው እንጂ! ከእንጨት ቁራ ትሠራለህ፣ ማሳው ጥግ ላይ ትደረድራለህ፣ የሚበላ ነገር ትበትንበታለህ። ቁራ ጓደኞቹ ሲበሉ ካየ አያስችለውም፣ ይወርዳል። እትዬ መሸጎጫ ውስጥ ሆነው ይተኩሳሉ። ጥቂቶቹ ከወደቁ የቀሩት በዚህ ሰፈር ዝር አይሉም። ቁራ ቂም ያውቃል።»

«ዘንድሮ እንኳ ከአፍህ አንድ ቁም ነገር ወጣ» አለች አዋላጇ። «የምትተኩሰው እኔ፣ የሚሠራው ይሄ። አንተስ?»

«እኔ አማካሪ ነኝ፣ እትዬ።»

አናጢው በዚያው ከሰዓት የጥድ ቁርጥራጮቹን ሰብስቦ ሥራ ጀመረ። አንድ ቁራ ሁልጊዜ የሥራ ቤቱ ጣሪያ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ቁልቁል ያየዋል፤ እሱም መሮውን ይዞ ሽቅብ ያየዋል፤ ለዓመታት እንዲህ ሲተያዩ ኖረዋል። ስለዚህ የቁራን መልክ ከማንም በላይ ያውቃል። እስከ ማክሰኞ ማታ ጠረበ፣ በሞረድ አስተካከለ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ የወፍራም ሽቦ እግር ተከለ። አሥራ ሁለት ቁራ ወጣለት። ሁሉም ደረታቸውን ነፍተው፣ አንገታቸውን እንደ ወታደር አቅንተው፣ ምንቃራቸውን ቀና አድርገው ቆሙ። ጥቁር ቀባቸው፤ በጥቁሩ ላይ ደግሞ ለምርቃቱ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ደረበባቸው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አያቸውና «ልኩ ነው!» አለ።

ይህ ቃል ከአፉ ከወጣ በኋላ ያ ዕቃ ተጠናቀቀ ማለት ነው። አናጢው «ልኩ ነው» ያለውን ነገር ዳግመኛ አይነካም። ወንበሩ ቢንገዳገድ ወለሉን አስተካክሉ ይላል። በሩ ቢጠብቅ እናንተ ወፍራችሁ ነው ይላል።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሦስቱም ማሳው ውስጥ ነበሩ። መሸጎጫውን ከበቆሎ አገዳና ከአሮጌ መረብ ሠርተውታል። ፖስተኛው «ቁራ እንቁላል ካየ እናቱን ይረሳል» ብሎ ደርዘን እንቁላል አምጡ ሲል አዋላጇ ዓይኗን አፈጠጠችበት። እንቁላሎቹን ለቁርስ ጠብሳ ሦስቱም በሏቸው፤ ቅርፊቶቹን ግን በጥንቃቄ ከአንድ ጫፍ ብቻ ሰብራ ስለነበር፣ የተሰበረው ወደ መሬት፣ ድፍኑ ወደ ሰማይ እንዲሆን እያደረገች በእንጨት ቁራዎቹ ፊት ደፋቻቸው። ከላይ ላየው ሙሉ እንቁላል ነው። አጠገባቸው የተወጉትን ሐብሐቦች ሰንጥቃ ቀይ ሥጋቸውን ለፀሐይ ሰጠችው።

«ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» አለች እጇን እያራገፈች።

ቁራዎቹ መጡ። ከትልልቆቹ ዛፎች ተነሥተው፣ እየተንጫጩ፣ በማሳው ላይ አንዴ ዞሩ።  ቁራዎቹ ወደ ታች አዩ፤ አንዱ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ወደ ላይ ተወረወሩና የማሳው ሌላ ጫፍ ላይ ዐርፈው ስድስት ሐብሐብ ወጉ።

«ቫርኒሹ ነው!» አለ ፖስተኛው። «ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስተዋት ያበራል። የሚያበራ ቁራ የት አይተህ ታውቃለህ?»

አናጢው ፊቱ ተለዋወጠ። «ከእጄ የወጣ ዕቃ አይነካም።»

«አንተ አትንካው፣ እኔ እነካዋለሁ» አለች እህቱ፤ የምድጃ ጥቀርሻ በጨርቅ ይዛ አሥራ ሁለቱንም እንደ ሕፃን አገላብጣ አሸቻቸው። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ማየት አልቻለም።

ሐሙስም ቁራዎቹ መጡ። ሐሙስም አንዴ ዞሩ፣ አዩ፣ ጮኹ፣ ሄዱ። በዚህ ጊዜ የወጉት ስምንት ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ፖስተኛው ሊያጽናና ሞከረ።

«እሑድ ግን በእግሩ አይመጣም፣ በመኪና ነው የሚመጣው» አለች አዋላጇ። ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ማውጣቴ ነው እንግዲህ» አለችና ወደ ቤት ሄደች። ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ ነበረ፤ አናጢው ግን አልሳቀም። ፖስተኛውም ቁርስ ትዝ ብሎት ተከተላት።

አናጢው ብቻውን መሸጎጫው ውስጥ ቀረ። ተናዷል። በቁራ ተናዷል፣ በፖስተኛው ተናዷል፣ ከሁሉም በላይ በሻንጣው ወሬ ተናዷል። በአገዳው ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ማሳ አየ። ጎረቤትየው እህሉን ትናንት አጭዶ ስለነበር ቁራዎቹ እዚያ ሰፍረው ፍሬ ይለቅማሉ። ሌላ የሚሠራው ስላልነበረው አያቸው። ረጅም ጊዜ፣ እንጨት በሚያይበት ዓይኑ አያቸው።

ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ጅራታቸው ሽቅብ፣ ምንቃራቸው መሬት ውስጥ። አንዱ ብቻ የአጥር እንጨት ላይ ወጥቶ አንገቱን አቅንቷል፤ ዘበኛ ነው። ጥቂት ቆይቶ የጎረቤት ውሻ ብቅ አለ። ዘበኛው አንገቱን ይበልጥ ሰገገ። ወዲያው መሬት ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ባንዴ አቀኑ፣ ለአንድ አፍታ እንዲያ ቆሙ፣ ከዚያ ብር አሉ።

አናጢው ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ቁራዎች ዞረ። አሥራ ሁለት ቀጥ ያሉ አንገቶች። አሥራ ሁለት ዘበኛ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ መንጋውን «ኑ፣ ብሉ» ሲለው የኖረ መስሎት «ሽሹ! ጠላት መጥቷል!» እያለው ነበር። ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ሲያየው የኖረው ቁራም ለካ ፈርቶት ነበር እንጂ እንዲያ አንገቱን የሚያቀናው ለአናጢው ክብር አልነበረም። ግንባሩን በመዳፉ መታ።

አሁን እንግዲህ ማድረግ ያለበት ግልጽ ነው፤ ግልጽ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከተጋቡ በኋላ የማዕድ ቤቱን መደርደሪያ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርግልኝ ብላ ለምናው ነበር። «ልኩ ነው» አላት። እስክትሞት ድረስ ሰሃን ለማውረድ በርጩማ ላይ ትወጣ ነበር። ከሞተች በኋላ ስንት ቀን ያንን መደርደሪያ እያየ መሮና መዶሻ አንስቶ መልሶ አስቀምጧል፤ ለማን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል?

አሥራ ሁለቱን ቁራዎች በጆንያ ጠቅልሎ ሥራ ቤት አስገባቸው። የመጀመሪያውን በሥራ ጠረጴዛው ማሠሪያ ላይ ጠፍሮ መጋዙን አንገቱ ላይ አሳረፈ፤ እጁ እምቢ አለው። «ልኩ አይደለም» አለ ጮክ ብሎ፣ ድምፁን ራሱ እንዲሰማው። «ልኩ አልነበረም!» ከዚያ ገዘገዘው።

ከፊት በኩል እንደ ሽብልቅ የሾለ ቁራጭ እያወጣ አንገታቸውን ወደ መሬት ደፋው፤ በኮላ አጣበቀ፣ በምስማር መታ፣ ስፌቱን በጥቀርሻ ደፈነ። ሦስተኛው ላይ እጁ ለመደ። አምስተኛው ላይ ማፏጨት ጀመረ። ሰባተኛው ላይ እህቱ የምሳውን ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች። እሱ በስንጥርጣሪ ውስጥ ተቀምጦ፣ በግራው አንድ ጭንቅላት፣ በቀኙ መጋዝ ይዞ ቀና አለ። የሚመጣበትን ያውቃል፤ «እኔ አላልኩህም?» ልትለው ነው።  እሷ ግን ወለሉ ላይ የተደረደሩትን አንገት ደፊ ቁራዎች አየች፣ እሱን አየች፣ ሰሃኑን የመላጊያው ጎን አስቀምጣ ሄደች።

«አመማት እንዴ?» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

አሥራ አንዱን አንገት አስደፋ። አሥራ ሁለተኛውን፣ ያማረውን፣ እንደ ቆመ ተወው። ለመንጋ አንድ ዘበኛ ያስፈልገዋል።

ዓርብ ማለዳ ቀለል ያለ ነፋስ ነበረ። አናጢው ቁራዎቹን በነፋሱ ትይዩ አዙሮ ተከላቸው፤ ቁራ ነፋስን በደረቱ እየተቀበለ እንደሚበላ ትናንት አይቷል። ዘበኛውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ሰካው። ቅርፊቶቹን በደፉት ምንቃሮች ሥር አደረገ። ከዚያ ሦስቱም መሸጎጫው ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀመጡ።  ዛሬም ካልወረዱ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ መኪናው።

ቁራዎቹ ከዛፎቹ ተነሡ። አንዴ ዞሩ። አዩ። አንድ ትልቅ ቁራ ክንፉን አጠፈና እንደ ቤቱ ዱብ አለ።

«ወረደ!» አለ አናጢው በሹክሹክታ። «አመነኝ! እታለም፣ አየሽው? አመነኝ እኮ!»

«ዝም በል፣ አንተ ልጅ!»

ቁራው እየተንጎራደደ መጣ። ሐብሐቡን ናቀና በቀጥታ ወደ እንቁላሉ ሄደ፤ በምንቃሩ ገለበጠው። ባዶ። ጭንቅላቱን ወደ ግራ አጋደለ፣ ወደ ቀኝ አጋደለ። ከዚያ ከእንቁላሉ በላይ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን የእንጨት ቁራ አየ። ነገሩ ገባው። ላባው ተነሥቶ እንጨቱ ላይ ስድቡን ያወርደው ጀመር! ጮኸበት፣ ዞረው፣ ከሌላ ጎን ጮኸበት። እንጨቱ መልስ ስላልሰጠው ንቀቱ ባሰበትና ጀርባውን በምንቃሩ ቆግ አደረገው።

«ሌባ እያለው ነው!» አለ ፖስተኛው፤ ቆቡን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። አናጢው በሳቅ እንባው እየወረደ ነበር። አዋላጇ፣ አርባ ዓመት በስንት ጭንቅ ውስጥ እጇ ተንቀጥቅጦ የማያውቀው ሴትዮ፣ ጠመንጃዋ ከሳቅ የተነሣ አፈሙዙ ይወዛወዝ ጀመር።

«እሱን ተዪልኝ» አለ አናጢው ክንዷን ይዞ። «እባክሽ እታለም፣ እሱን አትምቺው። ምስክሬ ነው።»

የጠቡ ድምፅ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነውና መንጋው በሙሉ ተግተለተለ። አሥር ሆነው ወረዱ፣ አምስት ጨመሩ፤ ከእንጨቶቹ ጋር ተደባልቀው አንገታቸውን ደፉ። አናጢው የትኛው የእግዜር፣ የትኛው የእሱ ሥራ እንደሆነ ለመለየት ዓይኑን ማሸት ነበረበት። አዋላጇ ትንፋሿን ሰበሰበች። የወፍ ጥይቱ እንደ ምስር ፍሬ ተበተነ፤ በመጀመሪያው ሦስት፣ በሁለተኛው ሁለት ወደቁ። የተረፉት በጩኸት ተነሡ፤ ከሁሉም በላይ እየጮኸ የሄደው ያ ባለ እንቁላሉ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌሎች ሰባት ከሌላ አቅጣጫ መጡ፤ ከእነሱም ሁለቱ ወደቁ።

«ሰባት!» እያለ ፖስተኛው ከመሸጎጫው ወጥቶ በማሳው መሐል ዘለለ። «ሰባት በሁለት ዙር! እኔ አላልኩም?»

«ቁርስህን ብላና ለጎረቤት ንገር፣ ግን ቶሎ ተመለስ» አለችው አዋላጇ። «የቁራ መልእክተኛ እንዳትሆንብኝ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተቀምጠው ጠበቁ። መንጋው በሩቁ፣ በሰማዩ ዳር፣ ማሳውን ጥሎ ሲዞር ታየ፤ አንድም ወደዚህ አልመጣም። አዋላጇ ጠመንጃዋን ፈትታ ወልውላ ቁም ሣጥን ውስጥ መለሰችው። አናጢው ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። በሐብሐቡ መካከል እየተዘዋወረ ያልተወጉትን ቆጠረ። መቶ አርባ ነበሩ። «ተረፈ» ማለት ስንት ነው? ይህን አልተነጋገሩም። መጠየቅ ደግሞ መለመን መሰለው።

እሑድ ረፋድ ላይ ልጁ መኪናውን እየነዳ መጣ። እናቱን ሳማት፣ አጎቱን ሳመ፣ የኋላውን በር ከፈተ። ሐብሐብ መጫን ጀመሩ። አናጢው እያቀበለ በጎን ዓይኑ የእህቱን ቤት በር ያያል፤ ሻንጣ ይወጣል ብሎ። በመጨረሻ መታገሥ አልቻለም።

«መኪናው ውስጥ ባዶ ወንበር ትተሃል?» አለው የእህቱን ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእናትህ?»

«ለእማዬ? ምነው አጎቴ፣ አልነገረችህም እንዴ? ሐሙስ ከሰዓት ደውላ፣ ክፍሉን ለልጆቹ መልስላቸው፣ አልመጣም ብላኛለች እኮ።»

አናጢው የያዘውን ሐብሐብ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሐሙስ። ሐሙስ አንድም ቁራ አልወደቀም። ሐሙስ ስምንት ሐብሐብ ተወግቷል። ወደ እህቱ ሄደ፤ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ ሐብሐቦቹን ከሐረጋቸው ትቆርጣለች።

«ሐሙስ አልመጣም ብለሽ ደውለሻል።»

«ደውያለሁ።»

«ቁራዎቹ ገና ሳይሸነፉ?»

ቀና አለችና ወገቧን ያዘች። «ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴ ልኩ ነው ያልከውን ነገር መልሰህ ስትነካ አይቼ አላውቅም። ለማንም። ምሳ ይዤ ብመጣ የገዛ ቁራዎችህን አንገት ትገዘግዛለህ። ያን ካየሁ በኋላ የት ነው የምሄደው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ። «ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እስካሁን ድረስ አንጀቴ እያረረ!»

«ነግሬህ ቢሆን ኖሮ ቁራዎቹን ታባርርልኝ ነበር?»

አናጢው አጠገቧ ጎንበስ አለ። 

«ብትሄጂ እሞት ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው፤ በመቀነቷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «በል ያን ትልቁን አቀብለኝ፣ መኪናው ገና ቦታ አለው።»

አቀበላት።